«ሰማያዊዋ መብራት ቶሎ አትጠፋም»፦ የቪትዝ ጠባይ የቱ ነው፣ ብልሽቱስ የቱ?

ጥያቄ፦ «ከአራት ወር በፊት በፈረንጆች 2007 የተሠራ ቪትዝ ገዛሁ። አንድ ሺህ ሲሲ፣ አውቶማቲክ፣ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው። ሦስት ልጆቼን ከሲኤምሲ ትምህርት ቤት አመላልስበታለሁ። መብራት ይዞኝ ስቆም መሪውም ወንበሩም ይንቀጠቀጣል። ኮብልስቶን ላይ ኳኳታ አለው። አንዳንድ ጠዋት ፒ ኤስ የምትል ቢጫ መብራት ትበራና መሪው ድንጋይ ይሆናል። ኤሲ ስከፍት ይሸታል። ሰማያዊዋ የሙቀት መብራትም ቶሎ አትጠፋም። በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ውሃ እጨምራለሁ እንጂ ሌላ ችግር የለውም። ጋራዥ ስወስደው ለመንቀጥቀጡ ሞተሩ መከፈት አለበት አሉኝ። ይከፈት ወይ? ለፋሲካ ሐዋሳ ልንሄድበት አስበናል።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ለመንቀጥቀጡ ተብሎ ሞተሩ አይከፈት። ከጻፉልኝ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ መንቀጥቀጡም ኳኳታውም አይደለም፤ «ሌላ ችግር የለውም» ካሉበት አጠገብ ያስቀመጧት የውሃ ነገርና ሰማያዊዋ መብራት ናቸው። ሁለቱ ዘመዳሞች ይመስሉኛል፤ ወደ ኋላ ላይ በሰፊው እመለስባቸዋለሁ። እስከዚያው መኪናውን ከከተማ አያውጡት።

መንቀጥቀጡን ላስቀድም፤ ብዙ ሰው ያለ አግባብ ገንዘብ የሚያወጣው በእሱ ነው። የእርስዎ መኪና ሞተር ዋን ኬአር የሚባለው፣ 996 ሲሲ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው። ከ1999 እስከ 2005 የተሠራው የቀድሞው ቪትዝ ግን አንድ ሺህ ሲሲ ሆኖም ባለ አራት ሲሊንደር ነበር። ከአሮጌው ወደ አዲሱ የተሻገረ ሰው ሁሉ «ይሄኛው ይንቀጠቀጣል» የሚለው ለዚህ ነው። በአራት ሲሊንደር ሞተር ሁለት ፒስተን ሲወጣ ሁለት ይወርዳል፣ እርስ በርስ ይመዛዘናሉ። ሦስት ሲሆኑ ግን የአንደኛው ጫፍ ወደ ላይ ሲሄድ የሌላኛው ጫፍ ወደ ታች ስለሚሄድ ሞተሩ እንደ ሚዛን ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይፈልጋል። ይህ የሞተሩ ተፈጥሮ ነው፤ ማንም መካኒክ ከፍቶ አያወጣውም።

ጠባይ የሆነውን መንቀጥቀጥ ከብልሽቱ የሚለዩት እንዲህ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ፍሬን ረግጠው፣ ማርሹ ዲ ላይ እያለ ይንቀጠቀጣል እንበል። ወደ ኤን ሲያወጡት በግልጽ ከቀነሰ፣ ነዳጅ ትንሽ ሲሰጡት ጨርሶ ከጠፋ፣ ኤሲ ሲከፍቱ ትንሽ ከጨመረ፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ከሆነ ጠባዩ ነው፤ ቢበዛ ሞተሩ የሚያርፍበት ጎሚኒ (ላስቲክ) ደክሟል። ኤን ላይም ነዳጅ ሲሰጡትም ካልለቀቀው፣ ሲነዱ እንደ መሳል እያለ ጉልበት ካጣ፣ ወይም የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ግን ከሦስቱ ሲሊንደሮች አንዱ እየሠራ አይደለም። ከሦስት አንድ ሲጎድል የጉልበቱ ሲሶ ሄደ ማለት ስለሆነ ሳያውቁት አያልፉም። ያኔም ቢሆን ቀድሞ የሚታየው ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላና ኮይል ናቸው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል አለው፤ የተጠረጠረውን ከጎረቤቱ ጋር ማቀያየርና ችግሩ አብሮት መሄዱን ማየት የ10 ደቂቃ ሥራ ነው።

ጠባይ ነው ስል ግን አይሻሻልም ማለቴ አይደለም። ሁለት ነገር ያሠሩ። አንደኛው የትሮትል ቦዲ እጥበት ነው። ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለችው ክብ ክዳን ጠርዟ ላይ ጥቁር ቅባት ይጋገርባታል፤ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ አየር የሚያገኘው በዚያች ቀጭን ስንጥቅ ስለሆነ ስትደፈን ይንገዳገዳል። በካርቡሬተር ማጠቢያ ስፕሬይና በለስላሳ ብሩሽ ትታጠባለች፤ ክዳኗን በጣት መግፋት ግን የውስጡን የኤሌክትሪክ ሞተር ሊጎዳ ይችላል። ባትሪው ተነቅሎ ከሆነ ከእጥበቱ በኋላ ጥቂት ቀን ከፍ ዝቅ ቢል አይደንግጡ፣ ኮምፒውተሩ እንደገና እየለመደ ነው። ሁለተኛው ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት ጎሚኒዎች ናቸው። ላስቲኩ ተሰንጥቆ ብረት ከብረት ከነካ ያ ትንሽ ውዝዋዜ ሳይበርድ በቀጥታ ወደ መሪዎ ይመጣል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ከጎን ቆሞ (ፊት ለፊት በጭራሽ አይቁም) እርስዎ ፍሬን ጥብቅ አድርገው ረግጠው ከዲ ወደ አር ሲያመላልሱት ሞተሩ ከመጠን በላይ ከዘለለ ጎሚኒው አልቋል። እኔ ጋ «ሞተሩ ይከፈት» ተብለው ከመጡ ቪትዞች አብዛኞቹ ከዚህ የራቀ ሥራ አላስፈለጋቸውም።

ዳገት ላይ ጉልበት አነሰው የሚል ሐሳብም ከመጣብዎት አንድ ነገር ይወቁ። ይህ ሞተር በባሕር ጠለል ላይ 71 የፈረስ ጉልበት ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ከአምስት አንዱ ወይም ትንሽ የሚበልጠው ጉልበት እዚህ የለም። አምስት ሰው ጭኖ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ኤሲ ቢያጠፉለት ውለታ ነው።

ኳኳታውን በርቀት ሆኜ አላውቀውም፤ እርስዎ ግን ሊያገኙት ይችላሉ። ቀድመው ከኋላ የሚመጣውን ይለዩ። የኋላው በር ዳርና ዳር ላይ የሚሽከረከሩ የላስቲክ ማረፊያዎች አሉ፤ በእጅ ጥቂት ወደ ውጭ ሲፈቱ በሩን አጥብቀው ይይዙታል፣ ግማሹ ድምፅ እዚያው ያልቃል። የኋላ ወንበር መደገፊያ በደንብ ቀጭ ብሎ መቆለፉን ይዩ። ከዚያ ምንጣፉን ያንሡ። አንድ ደንበኛዬ የኋላ አሞርዛተሩን ሁለት ጊዜ አስቀይሮ ድምፁ አልጠፋ ብሎት መጣ። ትርፍ ጎማውን ሳነሣ ክሪኩ ከማሰሪያው ወጥቶ በላሜራው ላይ እየተንከባለለ ነበር፤ ቀለሙን ልጦ እስከ ነጭ ብረት ድረስ ጎድጉዶታል። ክሪኩን መልሼ ብሎኑን አጠበቅሁት፣ ድምፁም በዚያው ጠፋ።

ከፊት የሚመጣው «ኳ ኳ» ኮብልስቶን ላይ ብቻ፣ በዝግታ ሲሄዱ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ኳስ ያለው አጭር ዘንግ ነው፣ ሲያረጅ ኳሱ ይላቀቃል። ብዙ አያስወጣም፤ ለጥቂት ሳምንት ቢታገሡትም መኪናው መንገድ አያስትም። ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ) እና የታችኛው ክንድ ኳስ ግን እንደዚያ አይደሉም፤ እነሱ ከላሉ ጎማ ሊያዞሩ ይችላሉና መኪናው በተነሣበት አብረው ይታዩ። ቆሞ ሲሠራ «ዝርርር» የሚል የቆርቆሮ ድምፅ ካለ ደግሞ ከጭስ ማውጫው በላይ ያለችው ሙቀት መከላከያ ላሜራ ብሎኗ ዝጎ ተበልቶ ነው። አንድ ሰፊ ፋሼታ (የብረት ማሰሪያ) ዙሪያዋን ቢታሰርባት ድምፁ ይጠፋል።

ወደ ፒ ኤስ መብራት። የእርስዎ መሪ ዘይት የለውም፤ የሚያግዝዎት የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፣ እሱም ብዙ ከረንት ይስባል። ቮልቴጁ ሲወርድ ራሱን ያጠፋና ያች መብራት ትበራለች። ጠዋት ብቻ መሆኑ ወደ ባትሪው ይጠቁማል። ሌሊቱን ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ማሳየት አለበት። ከታች ከሆነ ዲናሞው ይታይ። ከመለካቱም በፊት የባትሪውን ጫፎች ይመልከቱ፤ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል ነገር ካለ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ይጠበቅ። ባትሪው ደህና ሆኖ መብራቷ ካልቀረች መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ሲዛወር የተቀጠለውን ሽቦ ያስፈትሹ፣ በተለይ የኔጋቲቩን ማሰሪያ። በቀለም ላይ ታስሮ፣ ብረቱን በወጉ ሳይነካ የቆየ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቀለሙ ተፍቆ መልሶ ሲታሰር ሰላም ይሆናል። የመሪ ሞተር ይገዛ ካሉዎት ይህ ሁሉ ተደርጎ እንደሆነ ይጠይቁ። መንገድ ላይ ድንገት ቢጠነክርብዎት መኪናው ይታዘዝዎታል፤ በሁለት እጅ ከበድ አድርገው ያዙሩትና ጥግ ይያዙ።

የኤሲው ሽታ ቀላሉ ነው። የውስጥ አየር ፊልትሮው ከጓንት ማስቀመጫው ኋላ ነው። መሪው በዞረ መኪና አንዳንዴ ቦታው ይጠባል፣ አንዳንዴም ሲመልሱት ጨርሶ ይረሱታል፤ መኖሩን ያረጋግጡ። ቤት ሊደርሱ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ኤሲውን አጥፍተው ማራገቢያውን ብቻ ይተዉት፣ እርጥበቱ ይደርቃል። ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃ የኤሲው ነው፤ ደግ ነው።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ማታ ከልጆች ጋር ይነዳሉ። የጃፓን መኪና የተሠራው በግራ ለሚነዳበት አገር ስለሆነ አጭር መብራቱ ወደ ግራ ከፍ ይላል፤ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ። እኛ በቀኝ ስንነዳ ያው ከፍ ያለው ብርሃን በቀጥታ ፊት ለፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ የእርስዎ ዳር ደግሞ፣ እግረኛው ያለበት፣ ይጨልማል። መሪው ሲዞር መብራቱን የሚቀይር ጥቂት ነው። ማታ ግድግዳ ፊት ያቁሙትና ይዩት፤ ወደ ግራ የሚወጣ ከሆነ ከአውሮፓ ያሪስ (ቪትዝ እዚያ የሚጠራበት ስም ነው) የወጣ መብራት ሶማሌ ተራ ያፈላልጉ። ለዚህ መኪና ከማንኛውም ጌጥ በፊት ገንዘብ ማውጣት የሚገባው ለዚህ ነው። ሬዲዮው ሸገር 102.1ን አልይዝ ካለ ደግሞ አልተበላሸም፤ መኪናው በተሠራበት ዘመን የጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 ጀምሮ 90 ላይ ያቆም ስለነበር ነው፣ ትንሽ ማሸጋገሪያ ይገባለታል። ሲነሣ በጃፓንኛ የሚናገረውም የጃፓን የክፍያ መንገድ ካርድ አንባቢ ነው፤ ካርድ አልገባም ማለቱ ነው፣ ይነቀል።

አሁን ወደ ዋናው። ቪትዝ የሙቀት መርፌ የለውም። ያሉት ሁለት መብራቶች ብቻ ናቸው፦ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ሰማያዊ፣ ከመጠን በላይ ሲግል ቀይ። በመካከል ምንም ካልበራ ደህና ነው ማለት ነው። በአዲስ አበባ ጠዋት ሰማያዊዋ መንዳት ከጀመሩ ከአምስት፣ ቢበዛ ከሰባት ደቂቃ በኋላ መጥፋት አለባት። ከሲኤምሲ ተነሥተው መገናኛ ድረስ በርታ ከሄደች፣ ወይም ጠፍታ ቁልቁለት ላይ ተመልሳ ከበራች፣ ሞተሩ እየሞቀ አይደለም። ጋራዡ «ብርድ ስለሆነ ነው» ቢልዎት እኔ አልቀበለውም።

ሞተርን በልኩ የሚያሞቀው ቴርሞስታት ነው። ውሃው ወደ 82 ዲግሪ እስኪደርስ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ ዘግቶ ይይዘዋል፣ ከዚያ ይከፍታል። ሰማያዊዋ የማትጠፋው ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ስለቀረ ነው፤ ወይም ጨርሶ ስለሌለ። እኛ አገር ደግሞ የሚግል መኪና ሲመጣ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የቆየ ልማድ ነው። ውሃው ያለ ማቋረጥ ስለሚዞር መጋሉ ለጊዜው ይደበቃል። አንድ ሰው መኪና ሊሸጥ ሲል የሚያደርገውም ይኸው ነው። የርስዎ ሻጭ አድርጎታል አልልም፤ ከእሱ በፊት የነበረውም ሊሆን ይችላል፣ እንዲያው ዕቃው አርጅቶም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የማይሞቅ ሞተርና ውሃ የሚጨርስ ሞተር በአንድ መኪና ላይ ሲገናኙ «ይህ መኪና ቀድሞ ግሎ ያውቃል ወይ?» ብዬ መጠየቅ ግዴታዬ ነው።

ውሃ በቤንዚን መኪና የሚበላ ነገር አይደለም። ዝግ ቤት ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ከጎደለ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። የት እንደሚወጣ ሞተር ሳይከፈት ይታወቃል። ዛሬ ማታ መኪናው አድሮ ነገ ጠዋት ሳይነሣ ትርፍ ውሃ የሚይዘውን ላስቲክ ዕቃ ይመልከቱ፤ ውሃው ያለበት ልክ ላይ በማርከር ያስምሩና ስልክዎ ላይ ፎቶ ያንሡት። ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው ሰዓት ደግመው ያንሡ። የራዲያተሩን ክዳንም በቀዝቃዛው ብቻ ከፍተው እስከ አፉ መሙላቱን ይዩ፤ ትርፉ ዕቃ ሞልቶ ራዲያተሩ የጎደለ ከሆነ ክዳኑ መሳብ አቁሟል፣ መለወጫው ርካሽ ነው። ክዳኑን አይናቁት። አዲስ አበባ ላይ ተራ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ማራገቢያ ደግሞ የሚነሣው ከ90 ካለፈ በኋላ ነው። እንዳይፈላ የሚያግደው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው።

ቀጥሎ በቤልቱ በኩል በባትሪ መብራት የውሃ ፓምፑን ይዩ። የዚህ ሞተር ፓምፕ በቀስ በቀስ ማፍሰስ ይታወቃል፤ የሚንጠባጠብ ላያዩ ይችላሉ፣ ሙቀቱ እያደረቀው ሮዝ ወይም ነጭ ቅርፊት ግን ይተዋል፣ እንደ ደረቀ ጨው። የእኔ የመጀመሪያ ጥርጣሬ እዚያ ነው። ፓምፑ ከሆነ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ከአሉሚኒየሙ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝም ይሰነጠቃል። ከፊት ወንበሮቹ ሥር ምንጣፉ ከረጠበ፣ መስታወቱም ጣፋጭ ሽታ ባለው ጉም ከተሸፈነ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው።

ጋራዥ ሲሄዱ «ሞተሩን እዩልኝ» አይበሉ። «የውሃ መስመሩን በግፊት ፈትሹልኝ» ይበሉ። በራዲያተሩ አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ተገጥሞ፣ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ተነፍቶ 15 ደቂቃ ይቆያል፤ መርፌው ከወረደ ፍሳሹ ተፈልጎ ይገኛል። ውጭ ምንም ካልተገኘ ብቻ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጠረጠራል። ለእሱም ከመክፈት በፊት ምርመራ አለ፦ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መሣሪያ ራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረጋል፣ የጭስ ጋዝ ውሃው ውስጥ ከገባ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። የዘይት መሙያ ክዳን ሥር ትንሽ ነጣ ያለ አረፋ አይተው የሚያስፈራሩ አሉ፤ አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ፣ ይልቁንም በማይሞቅ ሞተር፣ ያ የእርጥበት ጤዛ ሊሆን ይችላል። የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ወተት ከመሰለ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቴርሞስታቱ መኖሩን ደግሞ ራስዎ ይሞክሩት። ጠዋት ሞተሩን አስነሥተው ከሦስትና አራት ደቂቃ በኋላ የራዲያተሩን የታችኛውን ወፍራም ጎማ በጣትዎ ይንኩ፣ ከማራገቢያውና ከቤልቱ እጅዎን አርቀው። ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መሞቅ አለበት። ከሞተሩ እኩል ቀስ እያለ ከሞቀ ቴርሞስታቱ አይዘጋም ወይም የለም። አዲስ ይግባለት። ቅደም ተከተሉን ግን አደራ፦ መጀመሪያ ፍሳሹ ይደፈን፣ ከዚያ ቴርሞስታቱ ይግባ። ፍሳሹ እያለ ቴርሞስታት ቢገባ የተደበቀው መጋል ይገለጥና መንገድ ላይ ያገኝዎታል። ሁለቱም ሲስተካከሉ የቤንዚን ፍጆታውም ይቀንሳል፤ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነኝ ብሎ ሲያምን ትርፍ ቤንዚን ይረጫልና።

የቧንቧ ውሃ መጨመሩን ያቁሙ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ተራ ውሃ ውስጡን ይበላዋል። ሥራው ሲያልቅ ታጥቦ፣ ለቶዮታ የሚሆነው ሮዙ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ብቻ ይሞላ፤ ከአረንጓዴ ጋር አይደባለቅ። ዘይቱንም ሲቀይሩ 5W-30 ይጠይቁ፣ ከሦስት ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ነው የሚወስደው። «አሮጌ ነው፣ ወፍራም ይግባለት» ካሉዎት አይስማሙ።

ይህን ሁሉ የምለው ያልተከፈተ ሞተር ያለዎት ስለሚመስለኝ ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፤ ገበያ ላይ ያለው ቪትዝ የሚተካ አይደለም፣ ከፋብሪካው እንደወጣ ያለ ሞተርም ያለ ምክንያት የሚነካ አይደለም።

ሐዋሳን በተመለከተ፦ ውሃው ሳይስተካከል አይሂዱ። የሚያስጨንቀኝ መሄዱ አይደለም፣ መመለሱ ነው። ከሐዋሳ ተነሥተው በሞጆ በኩል አዲስ አበባ ሲመለሱ ወደ 650 ሜትር ገደማ ይወጣሉ፤ በፋሲካ ሰሞን ሙቀት፣ አምስት ሰውና ሻንጣ ጭነው፣ ኤሲ ከፍተው። ከከተማ ውስጥ ያልጋለ ሞተር እዚያ ይግላል። ማርከሩ ያሰመረው ልክ ለሁለት ሳምንት ካልወረደና ሰማያዊዋ በአምስት፣ ቢበዛ በሰባት ደቂቃ ከጠፋች ግን በሰላም ይሂዱ፤ ይህ መኪና ለዚያ መንገድ አያንስም።

መንገድ ላይ ቀይዋ ከበራች «ቀጣዩ ማደያ ድረስ» አይበሉ። ኤሲውን አጥፍተው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ጥግ ይዘው ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ልጆቹን ከመንገዱ ርቀው ያስቀምጧቸው። ቢያንስ አንድ ሰዓት ክዳኑን አይንኩ። ቀይዋ ሳትበራ ደግሞ ማሞቂያው ድንገት ቀዝቃዛ አየር መንፋት ከጀመረ ያንኑ ያድርጉ፤ ውሃው ጨርሶ ሲያልቅ ሴንሰሩ የሚነካው ውሃ ስለማያገኝ መብራቷ ልትዘገይ ትችላለች። ሁለት ሊትር ሮዝ ኩላንት ከኋላ ይያዙ፣ እሱንም እንደ ክሪኩ እንዳይንከባለል ይሰሩት። የሦስት ቀኑን ፎቶ ሲያነሡ ይላኩልኝ፤ ምን ያህል እንደወረደ አይቼ ፓምፑ ይሁን ክዳኑ የቱ እንደሚቀድም እነግርዎታለሁ።